«ቦርድ ግቡልን» ሲሏችሁ

በእኛ አገር የቦርድ አባልነት ጥያቄ በደብዳቤ አይመጣም። ሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ወይም ከቅዳሴ ስትወጡ በር ላይ ይመጣል። «አንቺ እኮ ባንክ ነበርሽ፤ እስቲ አግዢን፣ በወር አንድ ቀን ብቻ ነው» ይሏችኋል። ጠያቂው የምታከብሩት ሰው ነው። ሥራው የጽድቅ ነው። እንዴት እምቢ ይባላል? እሺ ትላላችሁ። በሁለተኛው ስብሰባ ቼክ ፈራሚ ሆናችሁ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ጉለሌ ውስጥ አረጋውያንንና ተማሪዎችን በሚረዳ ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድ ውስጥ በነጻ አገለግላለሁ። ከምንረዳቸው እናቶች ብዙዎቹ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከሙ ልጅ ያሳደጉ ናቸው። አሁን ጎረቤትም ዘመድም ቦርድ ግቡ ሲባል እየደወለ «ምን ልበል?» ይለኛል። ለሁሉም በስልክ ከመለፍለፍ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

እሺ ከማለታችሁ በፊት

«አንድ ሳምንት ስጡኝ፣ ወረቀቶቹን ልይ» በሉ። ይህን ስትሉ ቅር የሚለው ሰው ካለ መልሱን አግኝታችኋል፣ አትግቡ።

ወረቀቶቹ ብዙ አይደሉም። የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ያለፉት ሁለት ዓመታት የኦዲት ሪፖርት፣ ያለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤዎች። በዚያ ላይ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ የተከፈለበትን ደረሰኝ ጠይቁ። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ገንዘብ ያጠረው ትንሽ ድርጅት መጀመሪያ የሚያዘገየው ይህንን ነው። ዕዳው ዝም ብሎ ይከማቻል፣ ቅጣት ይጨመርበታል። የእናንተ ስም በቦርድ አባልነት ከተመዘገበ በኋላ ደብዳቤው ይመጣል።

ምስክር ወረቀቱ ላይ የድርጅቱን ዓይነት ተመልከቱ። ማኅበር ከሆነ ከቦርዱ በላይ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። አባላት ተሰብስበው ይመርጧችኋል፣ ይሽሯችኋል። «በቦርድ የሚመራ ድርጅት» ከሆነ ግን የመጨረሻው ሥልጣን የቦርዱ ነው። ከላይ ማንም የለም፤ ጥፋት ሲመጣ «እነሱ ናቸው የወሰኑት» የምትሉት «እነሱ» የለም። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ዓመታት የተቀመጡ የቦርድ አባላት አጋጥመውኛል።

ደግሞ የት እንደተመዘገበ እወቁ። አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ የሚሠራ፣ ወይም ከአንድ ክልል በላይ የሚንቀሳቀስ ድርጅት ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው፤ ያ ቀድሞ ኤጀንሲ ይባል የነበረው። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ከሆነ የሚመለከተው የክልሉ መሥሪያ ቤትና የክልሉ ሕግ ነው። እኔ እዚህ የምጠቅሰው የፌዴራሉን አዋጅ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1113/2011። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ነው የታተመው። ስለ ገንዘብና ስለ ሪፖርት የሚያወሩትን አንቀጾች አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላችሁ አንብቧቸው። ከደንባችሁ ጋር ካነበባችሁት ከአብዛኛው የቦርድ አባል ቀድማችኋል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለ፤ ፊት ለፊት ጠይቁት። ከቦርዱ አባላት መካከል የሥራ አስኪያጁ ዘመድ አለ? «አዎ፣ ግን ጥሩ ሰው ነው» ከተባለ፣ ጥሩ ሰውነቱን አትከራከሩ። የአጎት ልጁ ሥራ አስኪያጁን በነጻነት ሊገመግም ይችላል ወይ ብላችሁ ብቻ ጠይቁ።

የቦርዱ ሥራ የቱ ነው

ሥራ አስኪያጅ መቅጠርና መገምገም። ዕቅድና በጀት ማጽደቅ። የውጭ ኦዲተር መምረጥ። የፋይናንስ፣ የግዢና የሰው ኃይል መመሪያ ማውጣት። ድርጅቱ ከተቋቋመበት ዓላማ እንዳይወጣ መጠበቅ። የቀረው የሥራ አስኪያጁና የሠራተኞቹ ነው።

ሁለት ዓይነት ቦርድ አይቻለሁ፣ ሁለቱም አያዋጡም። አንዱ ለሻይና ለፎቶ የሚመጣ ነው። የቀረበለትን ሁሉ «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» ብሎ ይፈርማል። ሌላው ወጥ ቤት የሚገባ ነው። ብርድ ልብስ ይገዛ ሲባል ስለ ቀለሙ አንድ ሰዓት ያወራል፣ ከስብሰባ በኋላ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋን ጠርቶ ትእዛዝ ይሰጣል። ምስኪኗ ሠራተኛ ስንት አለቃ እንዳላት አታውቅም። የብርድ ልብስ ግዢ ሲመጣ የቦርዱ ጥያቄ ይህ ነው፦ በጀት አለው? ስንት ቦታ ዋጋ ተጠየቀ? ለማን እንደሚሰጥ በምን ተለየ? ቀለሙን ለሠራተኞቹ ተዉላቸው።

ሠራተኛ ቅሬታ ይዛ ቤታችሁ ብትመጣ በአክብሮት ስሟት፣ ቡና አጠጧት፣ ነገር ግን ብቻችሁን ምንም ቃል አትግቡላት። አንድ የቦርድ አባል ብቻውን ቦርድ አይደለም። ሥልጣናችሁ ስብሰባው ሲከፈት ይጀምራል፣ ሲዘጋ ያበቃል። ቅሬታው ከባድ ከሆነ ለሰብሳቢው በጽሑፍ ይቅረብ፣ አጀንዳ ይያዝ።

መሥራቹን ምን እናድርጋቸው

ይህ ርዕስ በሁሉም ቦታ አለ፣ ማንም ግን አያነሳውም። የአገራችን በጎ አድራጎት አብዛኛው የተጀመረው በአንድ ሰው ጓዳ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ንግሥ ሄደው በረሃብ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ተመለሱ። ያ ትልቅ ድርጅት ከዚያ ነው የተነሳ። ቦርድና ደንብ የሚመጣው በኋላ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ልቡ የራራ ሰው አለ።

ስለዚህ መሥራቹን «አንድ ድምፅ ነው ያለዎት» ብሎ ማስደንገጥ ነውር ነው፣ ውጤትም የለውም። ቤታቸውን ከፍለው፣ ወርቃቸውን ሸጠው የጀመሩት ነው። ግን ድርጅቱ ከተመዘገበ በኋላ ገንዘቡ የሳቸው አይደለም፣ የእናንተም አይደለም። ይህንን በጉባኤ ፊት አትንገሯቸው። የሚያከብሯቸው ሁለት ሰዎች ቤታቸው ሄደው ያናግሯቸው። ምን እንደሚሠሩ፣ ምን ላይ እንደሚፈርሙ፣ እሳቸው ሲደክሙ ማን እንደሚተካቸው በወረቀት ይቀመጥ። ድርጅቱ የመሥራቹን ቤት ተከራይቶ ከሆነ የኪራይ ውል ይኑር፣ ዋጋውም ከአካባቢው ጋር ይነጻጸር። አንዳንዴ ከገበያ በታች እያከራዩ ውል ስለሌለ ብቻ የሚታሙ መሥራቾች አሉ። ወረቀቱ መጀመሪያ የሚጠብቀው እሳቸውን ነው።

ገንዘቡ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ የኖርኩበት ነገር ነው።

ሒሳብ አላውቅም የሚል የቦርድ አባል ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቅ። አንደኛ፣ የተፈቀደው በጀትና እስካሁን የወጣው ጎን ለጎን ተጽፎ ይምጣ። ልዩነቱ ትልቅ የሆነበት መስመር ላይ «ለምን?» ይበል። ሁለተኛ፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያው በየወሩ ተሠርቷል? ባንኩ የሚለውና መዝገቡ የሚለው ተገናኝተዋል? ብዙ ጉድ የሚደበቀው ለወራት ባልታረቀ ሒሳብ ውስጥ ነው። ሦስተኛ፣ ባንክ ካለው ብር ውስጥ ስንቱ በነጻ የምንጠቀምበት ነው፣ ስንቱስ ለተለየ ሥራ የተሰጠ ነው? ለተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም የመጣ ገንዘብ «ለጊዜው» ለደመወዝ ከወጣ መስከረም ሲጠባ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ናቸው። ለጋሹም ሁለተኛ አይመጣም።

ኦዲተሩ «ችግር የለም» ካለ አትርኩ። ከዋናው ሪፖርት ጋር ለሥራ አመራሩ የሚጽፈው የተለየ ደብዳቤ አለ። ድክመቶቹ እዚያ ተዘርዝረዋል። ያንን ደብዳቤ ስጡን በሉ። አምና የተጻፈው ድክመት ዘንድሮም በዚያው ቃል ተደግሞ ካያችሁ፣ የሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ እሱ ነው።

ቼክ ፈራሚ ከሆናችሁ፣ ባዶ ቼክ ላይ በፍጹም አትፈርሙ። «ክፍለ ሀገር ልትሄጂ ነው አይደል፣ አንድ ሁለት ፈርመሽልን ሂጂ» ይላሉ። በክፋት አይደለም፣ ሥራ እንዳይቆም ብለው ነው። መልሱ ግን ያው ነው። ሁለት ፈራሚ የተባለው ሁለት ሰው እንዲያየው ነው። ሦስተኛ ተጠባባቂ ፈራሚ ይሰየም፣ ችግሩ ያበቃል። ስትፈርሙም ቼኩን ብቻ አትዩ። ከሥሩ የክፍያ መጠየቂያው፣ ደረሰኙ፣ የዕቃው ገቢ ሞዴል መኖሩን እዩ። ፋይሉ ካልመጣ ቼኩም ይመለስ።

ስለ ዕቃ ማንም አያስብም። በበዓል ሰሞን ዘይት፣ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ያገለገለ ልብስ ይጎርፋል። ገንዘብ ስላልሆነ ሳይመዘገብ ይገባል፣ ሳይመዘገብ ይወጣል። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ሳይቆረጥ የገባ ዘይት፣ ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ሳይቆረጥ የወጣ ዘይት፣ በሕግ ዓይን አልነበረም። በሰፈር ዓይን ግን «እነሱ ተከፋፈሉት» ነው የሚባለው። ሐሜቱ ለሚቀጥለው ፋሲካ የሚመጣውን እርዳታ ይበላዋል።

ልገሳ በግል አካውንት ወይም በሥራ አስኪያጁ ቴሌብር እንዳይሰበሰብ በቃለ ጉባኤ ወስኑ። አዋጪ ቢሆን፣ ፈጣን ቢሆን፣ የታመነ ሰው ቢሆን አይሁን። በድርጅቱ ስም የተከፈተ ሒሳብ ይኑር፣ ለእያንዳንዱ ገቢ ደረሰኝ ይቆረጥ፣ ለመቶ ብርም ቢሆን።

አሁን ለአስተዳደር ወጪ ወደተቀመጠው የ20 በመቶ ጣሪያ እንምጣ። በድሮው አዋጅ 621/2001 ዘመን «70/30» የሚባል መመሪያ ነበር፤ ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ ማውጣት አይቻልም። የአሁኑ አዋጅ ጣሪያውን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ አድርጎታል። አስተዳደራዊ ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የማይያያዘው፣ ድርጅቱ በሩን ከፍቶ ለመቆየት የሚያወጣው ነው። በሒሳብ እንየው። ዓመታዊ ገቢያችሁ 4 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። 20 በመቶው 800,000 ብር ነው። በወር ወደ 67 ሺህ ብር መሆኑ ነው። የቢሮ ኪራይ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ስልክ፣ ወረቀት እዚህ ውስጥ መግባት አለባቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ጠባብ ነው። ስለዚህ «ሒሳብ ሠራተኛዋን በፕሮጀክት እናስይዛት» የሚል ፈተና በየዓመቱ ይመጣል። አረጋውያኑን የምታክም ነርስ ደመወዝ የፕሮጀክት ነው። ሾፌሩ ግማሽ ቀን ሕመምተኛ፣ ግማሽ ቀን የቢሮ ደብዳቤ የሚያመላልስ ከሆነ ደመወዙ በምን ስሌት እንደሚከፈል ቦርዱ ቀድሞ በጽሑፍ ይወስን። ዓመቱ ካለቀ በኋላ ቁጥር ለማስተካከል መሯሯጥ ለኦዲተርም ለኅሊናም አይመችም።

ከውጭ ገንዘብ የሚመጣላችሁ ከሆነ ውሉ ላይ ስለ ምንዛሬ ምን እንደተጻፈ ጠይቁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ መቶን አለፈ። በ10,000 ዶላር 570 ሺህ ብር ጠብቀው የነበሩ ድርጅቶች ከሚሊዮን በላይ ደረሳቸው። ሰው ተደሰተ። ቀጥሎ የዘይቱም የመድኃኒቱም ዋጋ ወጣ፤ ለጋሹ ደግሞ «ትርፉን ምን አደረጋችሁት?» አለ። ይህ በውሉ ላይ ካልተመለሰ፣ ገንዘቡ ከመነካቱ በፊት ለጋሹን በደብዳቤ ጠይቁ።

ስብሰባው

አጀንዳውና ወረቀቱ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይድረሳችሁ። ጠረጴዛ ላይ የተሰጣችሁን በጀት በዚያው ቀን አታጽድቁ። ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ቡና ጠጥታችሁ ተወያዩ፣ ግን አትወስኑ። በቴሌግራም ግሩፕ «ተስማምተናል 👍» የተባለ ነገር ውሳኔ አይደለም። ደንባችሁ ከፈቀደ በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጽደቅ።

ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ ማን ምን ተናገረ የሚለው ረጅም ትረካ አያስፈልግም። ምን ተወሰነ፣ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ። በሐሳቡ ያልተስማማ ሰው ካለ ስሙና ምክንያቱ ይስፈር። «አንድ ሆነን እንውጣ» ብለው ሊያግባቧችሁ ይሞክራሉ። በፍቅር እንቢ በሉ። ነገ ጉዳዩ ቢጠየቅ የሚናገርላችሁ ያ አንድ መስመር ነው። ደግሞ ሳያነቡ አትፈርሙ፤ ያልተባለ ነገር ተጽፎ ይገኛል።

ከባዱ ነገር ግን ይሉኝታ ነው። ሁላችንም ታላላቆቻችንን አክብረን ያደግን ነን። ሰብሳቢው ጋሼ እንትና ሲሆኑ፣ ሥራ አስኪያጁ የክርስትና ልጃቸው ሲሆን፣ «ይህ ክፍያ ደረሰኝ የለውም» ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ ጥያቄውን ሰው ላይ አልጥልም፣ ወረቀቱ ላይ እጥላለሁ። «እገሌ ለምን አላመጣም» አልልም። «ኦዲተር ቢመጣ ይህንን ምን ብለን እናሳየዋለን?» እላለሁ። ያን ጊዜ ሁላችንም በአንድ ወገን ሆነን ኦዲተሩን እንጠብቃለን። ከበድ ያለ ነገር ሲሆን ደግሞ ከስብሰባው በፊት ለሰብሳቢው እደውልና «ጋሼ፣ ይህንን ላነሳው ነው፣ እንዳይደንቅዎት» እላቸዋለሁ። ተደንቀው አያውቁም፤ አንዳንዴ ራሳቸው ያነሱታል።

የጥቅም ግጭት ሲነሳ ሰው ሁሉ ትልቅ ሌብነት ያስባል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ያስታውሳል። በበጎ አድራጎት ቦርድ ውስጥ የሚያጋጥመው አብዛኛው ግን ትንሽና ቅን ነው። የእህታችሁ ልጅ ማተሚያ ቤት አለው፣ በርካሽ ይሠራል። ጥሩ። እናንተ ግን «ዘመዴ ነው» ብላችሁ ተናገሩ፣ ሲወሰን ከክፍሉ ውጡ፣ መውጣታችሁ ይጻፍ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሌላ ሁለት ቦታ ዋጋ ይጠይቁ። ዘመዳችሁ ያሸንፍ ይሆናል። ያን ጊዜ ማንም አፉን አይከፍትም።

ውጭ አገር ያለ አባል ካላችሁ በረከት ነው፣ ሰዓቱ ግን ጣጣ አለው። ሜሪላንድ ያለ ሰው በበጋቸው በሰባት፣ በክረምታቸው በስምንት ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ነው። «ማታ 3 ሰዓት» ስትሉት እሱ ዘንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው፤ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር። ሁለቱንም ጻፉለት። አለዚያ የሚገናኘው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ነው።

የምትረዷቸውን ሰዎች ሂዳችሁ እዩ፣ ግን ካሜራ ሳትይዙ። አንዲት እናት ዱቄት ስትቀበል ፎቶ መነሳት ግዴታ መሆን የለበትም። የልጆች ፎቶ ደግሞ ያለ አሳዳጊ ፈቃድ ገጻችሁ ላይ አይውጣ። ይህም በመመሪያ ይጻፍ።

ስትለቁ

የአገልግሎት ዘመናችሁ ደንቡ ላይ አለ። ሲያልቅ ልቀቁ። «ያለ አንቺ አይሆንም» ደስ ይላል፣ ግን ያለ እናንተ የማይሆን ቦርድ ካለ አንድ ያልሠራችሁት ሥራ አለ ማለት ነው። ከመውጣታችሁ ቢያንስ ጥቂት ወራት በፊት የሚተካችሁን ሰው አብራችሁ አስቀምጡ፣ ፋይሉን አሳዩት።

መልቀቂያችሁ በጽሑፍ ይሁን፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። የቦርዱ አባላት መቀየራቸው ለመዘገባችሁ መሥሪያ ቤት ይገለጽ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን ይዛችሁ ባንክ ሂዱ። ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ከቦርድ ከወጣ በኋላ ፊርማው ባንክ ውስጥ የቀረ ስንቱን አይቻለሁ፣ መስኮቱ ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩና። የፊርማ ለውጥ ደብዳቤው በማኅተም ገቢ መደረጉን እዩ፣ ቅጂውንም ቤታችሁ አስቀምጡ።